ልክፈተው ወይስ ይቆይ?

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወገኖች ያደረግሁት ንግግር ነው። ጥቂት ድግግሞሽ ከመቀነሴ በቀር በዕለቱ እንደተናገርኩት አስፍሬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜ ብዙዎቻችሁ የምትሠሩበት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ የተሰበሰብነው በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የጽዳት ሥራ ያለው አንድ ወንድማችን፣ የአንድ ሟች ቤት ዕቃ ሲሸጥ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ጋር አንድ ካርቶን ገዛ። ከሥሩ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ የቤዝቦል ካርድ ሳጥን አገኘ። ሌሊት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ቢላ ይዤ ቆሜያለሁ። ልክፈተው ወይስ ይቆይ?» አለኝ።

«ቢላውን አስቀምጥ» አልኩት። ዛሬም የምላችሁ ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ቢላውን አስቀምጡ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ የተቀደደ እሽግም ተመልሶ አይታሸግም።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ቶፕስ፣ ፍሊር፣ ዶንረስ፣ አፐር ዴክ የሚባሉ ኩባንያዎች ቤዝቦል የሚባለውን የአሜሪካኖች የዱላ ኳስ የሚጫወቱ ሰዎችን ፎቶ በካርድ ላይ እያተሙ በየዓመቱ ይሸጡ ነበር። ሰው እነዚህን ካርዶች ያስቀምጣል፣ ይሸጣል፣ ይለውጣል። ግሬድ ማስደረግ የምንለው ደግሞ ካርዱን እንደ ፒኤስኤ፣ ቤኬት፣ ኤስጂሲ ላሉ ድርጅቶች ልኮ ከ1 እስከ 10 ደረጃ ማስወጣት ነው። እነሱ አራቱን ማዕዘን፣ ጠርዙን፣ ገጽታውን፣ የሥዕሉን መሐል መቀመጥ ያዩና በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው ቁጥሩን ጽፈው ይመልሱላችኋል። በ9 እና በ10 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት አንዳንዴ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ያህላል። ልዩነቱን ያመጣው ግን በዓይን የማይታይ የአንድ ጥግ ንጣት ሊሆን ይችላል።

እኔ ወደዚህ ነገር እንዴት ገባሁ? በ1994 ባልቲሞር ስገባ አንድ ምድር ቤት ተከራየሁ። የቤቱ ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊ፣ ጡረታ የወጡ የወደብ ሠራተኛ ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። ጋሼ ማለት ምን እንደሆነ ካስረዳኋቸው በኋላ በሌላ ስም ብጠራቸው መልስ አይሰጡኝም ነበር። እኔ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሁለት ፈረቃ እሠራለሁ፤ እሳቸው ማታ ማታ ቤዝቦል ያያሉ።

መስከረም 6 ቀን 1995፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ «ዛሬ ከእኔ ጋር ቁጭ በል» አሉኝ። የባልቲሞሩ ካል ሪፕከን አንድም ጨዋታ ሳይቀር 2,131ኛውን የሚጫወትበት ምሽት ነበር። የድሮው ተጫዋች የሉ ጌሪግ 2,130 ከ1939 ጀምሮ ማንም አልደረሰበትም። ጨዋታው አምስተኛው ዙር ላይ ሲደርስ በይፋ ተቆጠረ። ከካምደን ያርድስ ሜዳ ጀርባ ባለው የድሮ መጋዘን ግድግዳ ላይ ቁጥሩ ተቀየረ። ሕዝቡ ቆሞ ከሃያ ደቂቃ በላይ አጨበጨበ፤ ሪፕከን ሜዳውን እየዞረ የተመልካቹን እጅ ጨበጠ። ጋሼ ያለቅሳሉ። እኔ ጨዋታው አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን ሳይቀሩ ሥራ መግባት ግን በደንብ ይገባኛል፤ እኔም አለቀስኩ።

ጨዋታው ሲያበቃ ቁም ሳጥናቸውን ከፈቱ። ውስጡ የካርድ ሳጥኖች በተርታ ተደርድረዋል። በየዓመቱ አንድ ይገዙ ነበር። ሦስቱን ስንጋባ ለእኔና ለባለቤቴ ሰጡን። አንዱን ግን፣ ከመሞታቸው በፊት፣ በአደራ ነው የሰጡኝ። አደራው ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው። በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ። ሦስት ነጥብ አለኝ። አንደኛው፣ እሽጉ ራሱ ምንድነው? ሁለተኛው፣ ውስጡ ያለው በምን ሁኔታ ላይ ነው? ሦስተኛው ሒሳቡ ነው።

አንደኛ፣ እሽጉ። የታሸገ ስንል ሁለት የተለያየ ነገር ነው የምናወራው፤ ብዙ ሰው የሚከስረው ሁለቱን በማምታታት ነው። አንዱ ፓኬት ነው፤ ልጆች ከሱቅ በሳንቲም የሚገዙት፣ ከካርድ ጋር ማስቲካ ያለበት። ሌላው ፋብሪካው ከአንድ ቁጥር እስከ መጨረሻው አሟልቶ የሞላው ስብስብ ነው።

ፓኬት እንደ እቁብ እጣ ነው። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ሳለ ሁላችንም ባለእጣ ነን። ማን እንደወጣ አይታወቅምና ተስፋው ራሱ ዋጋ አለው። በካናዳ ሬጃይና ከተማ፣ ከአንድ ቤት፣ ኦ-ፒ-ቺ የሚባለው ኩባንያ ያወጣው የ1979-80 የሆኪ ካርድ ያለበት ያልተከፈተ ትልቅ ካርቶን ተገኘ። በውስጡ 16 ሳጥን አለ። ያ ዓመት የታላቁ የሆኪ ተጫዋች የዌይን ግሬትስኪ የመጀመሪያ ካርድ የወጣበት ነው። የካቲት 2024 ላይ በጨረታ 3.72 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ልብ በሉ፣ አንድም ካርድ አልታየም! የተሸጠው «ስንት ግሬትስኪ ይኖርበት ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ሙሉ ስብስብ ግን እንደዚያ አይደለም። የ1989 አፐር ዴክ ሳጥን ውስጥ ታዋቂው ተጫዋች ኬን ግሪፊ ጁኒየር አለ ወይስ የለም ብሎ የሚጠይቅ የለም። አለ። ቁጥር 1 እሱ ነው። ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ስትቀበሉ ደለስ አየር ማረፊያ ቆማችሁ እንደምትጠብቁት ነው። መምጣቱን ታውቃላችሁ፤ ከስቶ ይሁን ወፍሮ፣ ታሞ ይሁን ድኖ ነው የማታውቁት። ስለዚህ ሙሉ ስብስብ ስትከፍቱ «ማን አለ?» ብላችሁ ሳይሆን «እንዴት ሆኖ ይሆን?» ብላችሁ ነው። ልድገመው፤ ጥያቄው «እንዴት ሆኖ ይሆን?» ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «መካከለኛ» ነው።

ደግሞስ ያሸገው ማነው? ፋብሪካው ነው ወይስ ነጋዴ? አንዳንዱ ሳጥን ከፋብሪካ ሲወጣ ጨርሶ ፕላስቲክ አልነበረውም፤ ኋላ ሰው ነው ያለበሰው። ፕላስቲክ ማልበሻ መሣሪያ እንደሆነ በቀላሉ ይገዛል። ግሪፊውን አውጥቶ፣ በሌላ ተክቶ፣ መልሶ ማሸግ ማንን ያቅተዋል? በ2022 ሎጋን ፖል የሚባለው የዩቲዩብ ታዋቂ 3.5 ሚሊዮን ዶላር የከፈለበትን፣ የፖክሞን ካርዶች አሉበት የተባለ የታሸገ ካርቶን ቺካጎ ውስጥ ሲከፍት፣ ከውስጡ ጂአይ ጆ የሚባሉት የአሻንጉሊት ወታደሮች ካርድ ወጣ። ዕቃው በባለሙያ ታይቶ እውነተኛ ነው የተባለ ነበር። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ እሽጉን ሳታጣሩ በእሽግ ዋጋ አትግዙ። የፕላስቲኩን መገጣጠሚያ በደንብ እዩ፤ ከፋብሪካ መውጣቱ ከተረጋገጠ ሌላ ሳጥን ጋር አነጻጽሩ፤ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደመጣ ጠይቁ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የውስጡ ሁኔታ። እዚህ ላይ ስለ እናቴ ልንገራችሁ።

እናቴ ደሴ እቤታችን አንድ ሳንዱቅ ነበራት። ከሥሩ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንድ የጥበብ ቀሚስ ይቀመጣል። አንድ ቀን አልለበሰችውም። «ለልጄ ሰርግ» ትላለች። እኛ ልጆች እንድንነካው አይፈቀድም፤ ሳንዱቁ ሲከፈት የሚወጣው የአሪቲ ሽታ ብቻ ነው የእኛ ድርሻ። ታላቅ እህቴ ስታገባ እናቴ ቀሚሱን አወጣችው። ጥለቱ እንደ አዲስ ያበራል። ስትዘረጋው ግን በታጠፈበት በታጠፈበት ቦታ ሁሉ ቢጫ መስመር ወጥቶበታል። ሃያ ዓመት ማንም አልነካውም፤ እጥፋቱ ብቻውን በላው። እናቴ መስመሩን በጣቷ ደጋግማ ስትዳብሰው ይታየኛል። «ማን ነካብኝ?» ነው ያለችው። ማንም አልነካባትም።

ካርድም እንዲሁ ነው። «ሰው አልነካውምና አዲስ ነው» የምንለው ስህተት ነው። እሽግ እጅን ይከለክላል እንጂ ጊዜን አይከለክልም። የፓኬት ማስቲካ ከጎኑ ያለውን ካርድ ያቆሽሻል። የፓኬቱ መጠቅለያ ወረቀት የተቀባው ሰም ይቀልጥና ካርዱ ላይ ይጣበቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጡት የሚያብረቀርቁ ካርዶች ደግሞ ሙቀት ሲያገኛቸው እርስ በርስ ይጣበቁና እንደ ጡብ ይሆናሉ፤ ለመለየት ስትሞክሩ ቀለሙ ይነሳል። በጣሪያ ሥር፣ በጋራዥ የቆየ ሳጥን ካገኛችሁ ይህን አስቡ። ሳጥኑ ውስጥ በጣም የተጨናነቀ ካርድም ማዕዘኑ ይጎዳል። ከፋብሪካ ጠማማ ሆኖ የተቆረጠ ደግሞ አለ፤ የግራና የቀኙ ነጭ ድንበር ስፋቱ ከመጠን በላይ ከተዛባ፣ ማዕዘኑ መርፌ ቢሆን 10 አያገኝም። ያንን ጥፋት ደግሞ አቀማመጥ አያመጣውም፤ አያድነውምም። ካርዱ ከመታሸጉ በፊት ያለቀ ነገር ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ነው። ጋሼ ከሰጡን ሦስት ሳጥኖች አንዱ የ1989 አፐር ዴክ ነበር። በ2020 ሁሉም ቤት ተዘግቶ ሲቀመጥ የካርድ ዋጋ ሰማይ ወጣ። እኔም ሥራ የለኝም። አንድ ማታ፣ ራት ከተነሳ በኋላ፣ ጠረጴዛውን እንኳ በደንብ ሳላደርቅ፣ በቁልፍ ጫፍ ፕላስቲኩን ቀደድኩት። ካርዶቹ ጥብቅ ብለው ተቀምጠዋል። ጣቴን ከዳር አስገብቼ ሳብኩ። ዳር ላይ ያለው ማነው? ቁጥር 1። ግሪፊ። ኮፍያውን አድርጎ ፈገግ ብሎ ይመለከተኛል። በላይኛው ግራ ጥግ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ንጣት አየሁ። እኔ ስስበው የመጣች ትሁን ድሮም የነበረች እስከዛሬ አላውቅም። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ ምንም አልተናገረችም።

ቢሆንም ላክሁት። ያኔ ሁሉም ሰው ይልክ ስለነበር የደረጃ አውጪዎቹ መጋዘን ሞልቶ ነበር። ካርዱ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ መጣ፤ 7 ተሰጥቶታል። እስከዚያ ገበያው ወርዷል። ከታሸገው ሳጥን ዋጋ ግማሹን እንኳ አላገኘሁም። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ጋሼ ገዝተው ያስቀመጡትን፣ ሠላሳ ዓመት ሳይነካ የቆየውን ነገር በአምስት ደቂቃ፣ በእርጥብ ጠረጴዛ ላይ፣ በቁልፍ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ሦስተኛው ሒሳቡ ነው። ልጆች፣ ስልካችሁን አውጡና አብራችሁኝ ደምሩ። የምሰጣችሁ ቁጥር ለስሌት ያህል ነው፤ የዛሬ ገበያ አይደለም።

አንድ የታሸገ ስብስብ 200 ዶላር ይሸጣል እንበል። 20 ሳጥን አላችሁ፤ 4,000 ዶላር ማለት ነው። ሃያውንም ከፈታችሁ። ከየሳጥኑ አንድ ትልቅ ካርድ ላካችሁ። የደረጃ ማውጫውና የፖስታው 40 ዶላር፤ የተረፈው ልቅ ስብስብ ደግሞ 40 ዶላር ይሸጣልና ሁለቱ ይጣፋሉ። ከሃያው አንዱ 10 አገኘ፤ 1,000 ዶላር። ዘጠኙ 9 አገኙ፤ በ120 ሒሳብ 1,080። አሥሩ 8 አገኙ፤ በ60 ሒሳብ 600። ስንት መጣ? 2,680! ያውም አንድ 10 አግኝታችሁ! 1,320 ዶላር የት ገባ? ከቢላው ጋር ሄደ።

«እኔ ግን 10 አገኛለሁ» የሚል ይኖራል። ግሪፊውን ስንቱ ልኮታል መሰላችሁ? እጅግ ብዙ ሰው ነው የላከው፤ ፒኤስኤ ካያቸው 10 ያገኙት ከመቶው አሥር እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ ስሌቱን በ10 አትሥሩ፣ በ9 ሥሩ። ካርዱ 9 ቢያገኝ ወጪውንና የእሽጉን ዋጋ ይሸፍናል? ከሸፈነ ክፈቱ። በ10 ብቻ የሚያዋጣ ከሆነ አትክፈቱ። ደግሞ ግብሩን አትርሱ፤ ከዓመት በላይ ይዛችሁ በሸጣችሁት ስብስብ ትርፍ ላይ የፌዴራሉ ግብር እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

በ9 የሚያዋጣ አለ ወይ? አለ። በአንድ ሳጥን ሁለት ሦስት ትልልቅ ተጫዋቾች ያሉበት፣ የታተመውም ጥቂት የሆነ ስብስብ። በ1984 የወጣው የፍሊር ማሟያ ስብስብ 132 ካርድ ብቻ ነው፤ ግን ሮጀር ክሌመንስም፣ ከርቢ ፓኬትም፣ ድዋይት ጉደንም አሉበት። እሱም ቢሆን አስመስለው የሠሩት ሞልቷልና ከመክፈት በፊት ማጣራት ነው።

በተቃራኒው፣ ጋሼ ከሰጡን ውስጥ የ1987 ቶፕስ ነበረበት፤ ድንበሩ የእንጨት መልክ ያለው፣ 792 ካርድ። ባሪ ቦንድስም ማርክ መግዋየርም አሉበት። ዋጋው ግን ከሁለት ሰው ክትፎ ብዙ አይበልጥም። ለምን? ቶፕስ በ1952 ያሳተመውን ካርድ መሸጥ አቅቶት፣ ሳይ በርገር የሚባለው ሠራተኛው የተረፈውን በ1960 በጀልባ አስጭኖ ባሕር ውስጥ ጣለው። ከዚያ ዓመት የተረፈ አንድ የሚኪ ማንትል ካርድ ነሐሴ 2022 ላይ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ1987 ግን የጣለ የለም። ሁሉም ሰው «ይወደዳል» ብሎ አስቀመጠ። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር ደግሞ አይወደድም። ያንን ሳጥን ከሁለት ልጆቼ ጋር ምንጣፍ ላይ ከፍተን ሳምንት ሙሉ ተጫወትንበት። እዚህ ላይ ሒሳብ አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለ ሳጥን ካላችሁ ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ክፈቱት! ብቻ ከዚያ በፊት ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቡ። በዚያው ዓመት ቶፕስ ቲፈኒ የሚባል፣ በተሻለ ወረቀት የታተመ የሚያብረቀርቅ ዓይነት በጥቂቱ አውጥቶ ነበር፤ ተጫዋቾቹ አንድ ናቸው፣ ዋጋው ግን አይገናኝም።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። የደረጃ ወረቀቱንም እንደ ጽላት አታክብሩት። ፒኤስኤ በ1991 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ደረጃ ያወጣለት ካርድ የጥንቱ ተጫዋች የሆነስ ዋግነር ነው፤ 8 ሰጠው። በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ካርዱን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ የሸጠው ቢል ማስትሮ የሚባል ነጋዴ ግን በ2013 ጠርዙን ከርክሜዋለሁ ብሎ ፍርድ ቤት አመነ። ስለዚህ የራሳችሁን ዓይን አሠልጥኑ። ካርዱን ወደ መብራት አዘንብላችሁ እዩ፤ አጉሊ መነጽር ግዙ። ከመላካችሁ በፊት ቁጥሩን ራሳችሁ ጻፉና ከሚመጣው ጋር አስተያዩ። እኔ አሁን ከአሥር ሰባቱን አገኛለሁ። ለዚህ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

እንግዲህ ወደ አደራው ልመለስ።

ይህ ቶፕስ በ1982 ያወጣው፣ ትሬድድ የሚባል ማሟያ ስብስብ ነው፤ 132 ካርድ። በዚያ ዓመት በዋናው ስብስብ ሪፕከን ከሌሎች ሁለት ጀማሪ ተጫዋቾች ጋር በአንድ ካርድ ላይ ተጨናንቆ ነው የወጣው። በዚህኛው ግን ብቻውን ነው፤ ቁጥር 98። እዩት፣ እላዩ ላይ የፋብሪካ ፕላስቲክ የለም። ያለው ጋሼ በእጃቸው የለጠፉት ቴፕ ነው፤ ቢጫ ሆኗል። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ የልጅ ልጃቸውን ስም ጽፈውበታል። ገበያ ይህን እሽግ አይለውም። ለዚህ ቴፕ አንድ ሳንቲም የሚጨምር ነጋዴ የለም። በሒሳቤ ከሄድን፣ መክፈቱ ምንም አያስከስርም፤ ልክፈተው ብል ማንም አይከለክለኝም።

ግን የእኔ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከሙቀት፣ ከእርጥበት ጠብቄዋለሁ እንጂ አልነካሁትም። የልጅ ልጃቸው ያኔ ሕፃን ነበረች፤ ከዚያ ቤተሰቡ ከተማ ቀየረ፣ ቤቱ ተሸጠ፣ ጠፋፋን። አምና በመከራ አገኘኋት፤ ነርስ ሆናለች። የነገርኳችሁን ሁሉ ነግሬያታለሁ፤ እሽጉን፣ ሁኔታውን፣ ሒሳቡን። ካርዱ ማዕዘኑ የተጎዳ፣ መሐሉ የተዛባ ሊሆን እንደሚችልም ነግሬያታለሁ። ሁለት ሳምንት አስባ መለሰችልኝ። «አያቴ የጻፈው የእኔን ስም ነው፤ እኔ እከፍተዋለሁ። ግሬድ ይላክ አይላክ ካየሁት በኋላ እወስናለሁ» አለችኝ።

ያቺ ከፊት፣ በስተቀኝ የተቀመጠችው እሷ ናት። አማርኛ አይገባትም፤ ስታጨበጭቡላት ግን ይገባታል።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስኪ መብራቱን ወደዚህ ጠጋ አድርጉልኝ። ቡናው ትንሽ ይቆየን፤ ስኒ ወደዚህ ጠረጴዛ አታምጡ። ልጆች፣ ወደፊት ኑ፣ ግን እንዳትደገፉ። እጇን ታጥባለች፣ አድርቃለችም፤ አይቻለሁ። ልጄ፣ ቢላ አያስፈልግሽም። ከዚህ፣ ስምሽ ካለበት በታች፣ ቴፑን ከጫፉ ቀስ አድርገሽ ጀምሪው።